በስልክ ማስተማር፦ ዙምን፣ ቴሌግራምንና ሁለቱን ጣሳዎቼን ስገመግም

"የትኛው ይሻላል?" እያሉ የሚጠይቁኝ አስተማሪዎች በዝተዋል። በተለይ ውጭ አገር ላሉ ልጆች አማርኛ ማስተማር የጀመሩት። ለእያንዳንዱ ለየብቻ ስጽፍ ከምውል እዚህ ጽፌው ልገላገል ብዬ ነው። አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ የኮምፒውተር ሰው አይደለሁም። የአንደኛ ደረጃ አማርኛ አስተማሪ ነኝ። አዲስ አበባ ውስጥ ቀን ቀን በአካል፣ ማታና ቅዳሜ በስልክ አስተምራለሁ። ስለዚህ የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ ልጁ ገብቶት እንደሆነና እንዳልገባው በዚህ ነገር ማወቅ እችላለሁ ወይ? ሌላው ሁሉ ለእኔ ጌጥ ነው።

እንደ ብዙ ሰው የጀመርኩት በኮሮና ጊዜ ነው። መጋቢት 7 ቀን 2012 ትምህርት ቤት ለሁለት ሳምንት ተዘጋ ሲባል ጠመኔዬን ከጋውኔ ኪስ እንኳን አላወጣሁም ነበር። ሁለቱ ሳምንት ክረምቱን ተሻግሮ 2013 ገባ። ያኔ የያዝኩት ክፍል 48 ልጆች ነበሩት። የቴሌግራም ግሩፕ ከፍተን፣ ለወላጅ ደውለን፣ ለምነን፣ በመጀመሪያው ሳምንት የገቡት 19 ብቻ ናቸው። የቀሩት ሰንፈው አይደለም። ቤት ውስጥ ያለው ስማርት ስልክ አንድ ነው፣ እሱም የአባትየው ነው፣ አባትየው ደግሞ ሹፌር ነው፣ ስልኩ ከምሽቱ 2 ሰዓት በፊት ቤት አይገባም። አንዱ ልጅ የቤት ሥራውን ሁልጊዜ 3 ሰዓት አካባቢ ነበር የሚልክልኝ። እኔም "ለምን ታዘገያለህ?" እያልኩ እቆጣው ነበር። በኋላ እናቱ ደውላ ነገሩን ስታስረዳኝ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ይቺን ነገር ያዙልኝ፣ ወደ ኋላ እመለስባታለሁ።

በእኔ ዕድሜ ያለ ሰው በስክሪን መማርን የሚያውቀው በፕላዝማ ነው። በ1997 ዘጠነኛ ክፍል ስንገባ ፕላዝማ የሚባለው ቴሌቪዥን ከሰሌዳው አጠገብ ተሰቅሎ ጠበቀን። መምህሩ በእንግሊዝኛ ያስተምራል፣ ጥያቄ ይጠይቃል፣ ትንሽ ዝም ይላል፣ ከዚያ ማንም ሳይመልስለት "ቬሪ ጉድ!" ብሎ ያልፋል። እኛ ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነው። የራሳችን አስተማሪ ዳር ቆሞ እንደኛው ያያል። ያኔ ስቀን አልፈነዋል። አሁን ግን ካሜራቸውን ያጠፉ 11 ልጆች ፊት ቁጭ ብዬ "ገባችሁ?" ስል፣ መልስ ሲጠፋ፣ "እሺ ጎበዞች" ብዬ ሳልፍ ራሴን ያዝኩት። እኔው ፕላዝማ ሆኜ አረፍኩት!

በሉ ወደ ግምገማው።

ከዙም ልጀምር። አሁን የማስተምራቸው ልጆች ሁለቱ ቨርጂኒያ፣ አንዷ ጀርመን፣ ሦስቱ ዱባይ፣ የቀሩት እዚሁ አዲስ አበባ ናቸው። ፊት ለፊት የምንገናኘው በዙም ነው። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ሲሞላ ያባርራችኋል፣ ብዙ ሰው በዚህ ያማርራል። እኔ ግን ምንም አልመሰለኝም። የአገራችን አንድ ክፍለ ጊዜ ስንት ደቂቃ ሆነና? ስንት ዓመት ሙሉ ደወል ሲደወል ጠመኔ መጣል የለመደ ሰው 40 ደቂቃ ላይ ሲቋረጥበት እንደውም እፎይ ይላል። ችግሩ የሚመጣው ከ40ው ደቂቃ 15ቱ "ቲቸር ይሰማል?" "አይሰማም" "አሁንስ?" ሲባል ሲያልቅ ነው። ክፍያውን ከፍሎ መገላገል አይቻልም ወይ ላላችሁኝ፣ በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለው አስተማሪ ካገኛችሁ ለእኔም አስተዋውቁኝ። አንዳንዶቻችን አሜሪካ ያለ ዘመድ ይከፍልልናል፣ የቀረነው ሁለተኛ ሊንክ እየላክን እንቀጥላለን።

አሁን ዋናው ነገር። ፊደል እንዴት ነው የተማርነው? "ተከተሉኝ! ሀ!" ሲባል ክፍሉ በሙሉ "ሀ!" ይላል። "ሁ!" "ሁ!" ቄስ ትምህርት ቤትም፣ መንግሥት ትምህርት ቤትም፣ መዋዕለ ሕፃናትም እንደዚያው ነው። በድምፅ ብዛት ነው ፊደሉ ጭንቅላት ውስጥ የሚተከለው። ይሄን በዙም ሞክሩት እስቲ። የዱባዩ ልጅ "ሀ" ሲል የቨርጂኒያው ገና የእኔን እየሰማ ነው። መተግበሪያው ደግሞ አንድ ሰው ሲናገር የሌላውን ድምፅ ዝቅ ያደርጋል፣ ምክንያቱም ዙም የተሠራው ለቢሮ ስብሰባ ነው፣ ስብሰባ ላይ ሁሉም ባንዴ ከጮኸ ረብሻ ነው። እኛ ጋ ግን ሁሉም ባንዴ መጮኹ ነው ትምህርቱ። ስለዚህ ሁሉንም ሚውት አድርጌ እነሱ ብቻቸውን እንዲሉ፣ እኔ ከንፈራቸውን እንዳይ ወሰንኩ። አስቡት፣ 11 ከንፈር ድምፅ ሳይኖረው ሲከፈት ሲዘጋ። አንዱ ማስቲካ እያኘከ እንደነበር ያወቅኩት ከሦስት ሳምንት በኋላ ነው።

ሌላው የድምፁ ነገር ነው። አማርኛ ውስጥ ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጰ፣ ጸ አሉ። ውጭ ያደገ ልጅ የሚቸገረው በእነዚህ ነው። "ጠራ" እና "ተራ" ለእሱ አንድ ናቸው፣ ቆሎም ሆነ ኮሎ እኩል ናቸው። ታዲያ ልጁ በትክክል "ጠ" ሲል እንኳን እኔ የሚደርሰኝ "ተ" ነበር። ጫና አድርጎ የሚወጣውን ድምፅ መተግበሪያው እንደ ኳኳታ ቆጥሮ የሚቆርጠው ይመስለኛል። ልጁን "አይደለም፣ እንደገና" እለዋለሁ። ልጁ በትክክል ይላል። "አይደለም" እለዋለሁ። በመጨረሻ አለቀሰ። የዚያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደኝም። መፍትሔውን ያገኘሁት ሴቲንግ ውስጥ ስጎረጉር ነው፦ ድምፅ የሚለው ውስጥ ለሙዚቀኞች ተብሎ የተቀመጠ "ኦሪጅናል ሳውንድ" የሚባል አለ። እሱን በልጁ በኩል አብሩት። ኳኳታውም አብሮ ይመጣል፣ "ቆራሌው!" ብሎ የሚያልፈውም፣ ዶሮውም፣ የጎረቤት ሬዲዮም ይመጣል፣ ግን "ጠ" "ጠ" ይሆናል። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይሄን ውሰዱ።

መስታወቱንም ልንገራችሁ፣ ለሳቅ ያህል። ዙም የራሳችሁን ምስል ለራሳችሁ እንደ መስታወት ገልብጦ ነው የሚያሳያችሁ፣ ሌላው ሰው የሚያየው ግን በትክክሉ ነው። እኔ ይሄን አላወቅኩም። ወረቀት ላይ "ረ" እና "ገ" ጽፌ ካሜራው ጋ ሳስጠጋ ተገልብጦ አየሁት። ደነገጥኩና ለልጆቹ እንዲቃናላቸው ብዬ ገልብጬ መጻፍ ጀመርኩ። አንድ ሳምንት ሙሉ! የጀርመኗ ልጅ እናት ደብተሩን ፎቶ አንስታ "መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ፊደሉ ተለወጠ እንዴ?" ብላ ላከችልኝ። ከመተግበሪያው ይልቅ ጥፋቱ የእኔ ነው፣ እሱን አምናለሁ።

ዳታውን ደግሞ የሚያውቅ ያውቀዋል። ቪዲዮ ተከፍቶ አንድ ሰዓት ሲኬድ ግማሽ ጊጋና ከዚያ በላይ ይበላል። ዱባይ ላለ ሰው ምንም አይደለም። ኮልፌ ላለች የልጅ እናት ግን ነገሩ የወተት ሒሳብ ነው። ስለዚህ "ካሜራ ክፈቱ" ብዬ አላስገድድም። ካሜራ ካልከፈቱ ደግሞ ፊት አላይም፣ ፊት ካላየሁ መግባቱን አላውቅም። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ዙም ከጥያቄዬ ጋር የሚጣላው። ካሜራ ሲከፈትም ቢሆን ከስክሪኑ ውጭ ያለችው እናት አለች። "ይሄ ምን ይባላል?" እላለሁ፣ የልጁ ዓይን ወደ ግራ ይሄዳል፣ ሹክሹክታ ይሰማል፣ ከዚያ "ጎመን!" ይላል። እናቲቱ ጎበዝ ናት፣ ተምራለች።

የሰዓቱ ጉዳይ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ለቡድኑ "ቅዳሜ 11 ሰዓት" ብዬ ጻፍኩ። የቨርጂኒያው አንዱ አባት ውጭ ብዙ ዓመት ስለቆየ በፈረንጅ 11 መስሎት ከእኛ አንድ ሰዓት ዘግይቶ ልጁን ይዞ ብቅ አለ። አሁን ሁልጊዜ "በአዲስ አበባ ከቀኑ 11 ሰዓት፣ በቨርጂኒያ ከጠዋቱ 10 ሰዓት በፈረንጅ" ብዬ ነው የምጽፈው። በዚያ ላይ አሜሪካኖቹ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል ሰዓታቸውን ይመልሱና የእኛ 11 ወደ 12 ይሄዳል። መጋቢት መግቢያ አካባቢ እንደገና ይለውጣሉ፣ ጀርመኖቹ ግን ከነሱ ቆይተው ነው የሚለውጡት፣ ስለዚህ በመሃል ያሉት ሳምንታት አንዱ ሲገባ ሌላው ሲወጣ ነው። የማይለወጡት ዱባይና እኛ ነን። አምላክ ዱባይን ይባርክ።

ጎግል ክላስሩምን በአጭሩ። ንፁህ ነው፣ የቤት ሥራው በሥርዓት ይሰበሰባል፣ እርማትም ይመቻል። ትምህርት ቤቱ ለሁሉም ልጅ ኢሜይል ከከፈተና አንድ ሰው ከተመደበለት ከሁሉም ይሻላል። እኛ ጋ ግን ወላጆች ጂሜይል አላቸው፣ ስልኩ ሲገዛ ሱቁ ከፍቶላቸዋል፣ የይለፍ ቃሉን ግን የሚያውቀው ያ የሱቁ ልጅ ብቻ ነው። ሁለት ሳምንት ሞክሬ ተውኩት።

በብዕር የሚጻፍባትን ሰሌዳ ደግሞ ብዙ ሰው ይመክራል። ኮምፒውተር ላይ ተሰክታ እጃችሁ ጠረጴዛ ላይ ሲጽፍ ስክሪኑ ላይ የሚታየው ማለት ነው። ያገለገለች ገዛሁ። ለሒሳብ አስተማሪ ጥሩ ነች፣ ባልደረባዬ ይምልባታል። ለፊደል ግን አልሆነችኝም፣ ዓይኔ ሌላ ቦታ እጄ ሌላ ቦታ ሆኖ "ጯ" ስጽፍ የአንደኛ ክፍል ልጅ እጅ ጽሑፍ ሆነብኝ። ደግሞም ልጅ ማየት ያለበት እጅን ነው። ብዕሩ ከየት ጀምሮ ወዴት እንደሚሄድ።

ስለዚህ ጣሳዎቼ። ሁለት ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ጠረጴዛ ላይ ትይዩ አቁሙ። በላያቸው ሁለት የእንጨት ማስመሪያ አጋድሙ። ስልኩን ካሜራው ወደ ታች እንዲያይ በማስመሪያዎቹ መሃል አስተኙት። ከሥሩ ደብተር። አለቀ። በስልኩ እንደ ሁለተኛ ሰው ወደ ክፍሉ ግቡ፣ ድምፁን ግን ሙሉ በሙሉ አጥፉ፣ አለዚያ ድምፃችሁ እየተመላለሰ ያሳብዳችኋል። አምፖሉ ከግራ በኩል ይሁን፣ ከቀኝ ከሆነ የእጃችሁ ጥላ ፊደሉን ይሸፍነዋል። ግራኝ ከሆናችሁ ገልብጡት። ዋጋው ዜሮ ብር ነው፣ ወተቱን ልጆቼ ጠጥተውታል። ከገመገምኳቸው ዕቃዎች ሁሉ ሙሉ ነጥብ የምሰጠው ለዚህ ነው።

አሁን ቴሌግራም። እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ።

ቴሌግራም ሁሉም ሰው ስልክ ላይ አለ፣ ደካማ ኔትወርክ ላይ ይሠራል፣ መጽሐፉን በፒዲኤፍ ይሸከማል፣ ፋይሉ ከዓመት በኋላም ተፈልጎ ይገኛል። ይሄን ሁሉም ያውቃል። ጉድለቱንም ላስቀድም። አንደኛ፣ ግሩፑ የወላጆችም ነው፣ ስለዚህ የቤት ሥራ ከለጠፍኩ በኋላ የሚካኤል ዕለት 23 ጊዜ "እንኳን አደረሳችሁ" ይከተላል፣ የማርያም ዕለት ደግሞ 30 ጊዜ። ልጁ የቤት ሥራውን ለማግኘት ሰማይና ምድር ያህል ወደ ላይ መሄድ አለበት። ለወላጅ ሌላ ግሩፕ ከፍቼ ነው የተገላገልኩት። ሁለተኛ፣ ጥያቄና መልስ የሚሠራው ኩዊዝ ደስ ይላል፣ ልጆቹም ይወዱታል፣ ግን መልሱ ከተነካ በኋላ ትክክለኛው ስለሚታይ አንዳንዶቹ በእናታቸው አካውንት ሞክረው፣ አይተው፣ ከዚያ በራሳቸው ገብተው አሥር ከአሥር ያመጣሉ። ከእናትየዋ ዜሮ ጎን የልጁ አሥር ተሰልፎ ስላየሁ ነው የነቃሁባቸው። ሦስተኛ፣ የካቲት 2015 ላይ ከፌስቡክ፣ ከዩቲዩብና ከቲክቶክ ጋር ቴሌግራምም ተገድቦ አምስት ወር ገደማ በቪፒኤን ነው የኖርነው። የሰባት ዓመት ልጅ "ቲቸር፣ ቪፒኤኔ አልሠራም አለ" ስትለኝ ሳቄም እንባዬም ባንዴ መጣ። አንድ መተግበሪያ ላይ ሁሉን ነገር ለሚያስቀምጥ አስተማሪ ምክሬ የወላጆችን ስልክ ቁጥር በወረቀት ደብተር ላይ ጻፉ ነው።

ግን የድምፅ መልእክቱ። እሱን ያገኘሁት በግድ ነው። ያ ማታ 3 ሰዓት የሚልከው ልጅ ትዝ አላችሁ? እሱ በቀጥታ ክፍል መግባት አይችልም ነበር፣ ስልክ የለማ። ስለዚህ "ገጽ 14ን አንብብና በድምፅ ላክልኝ" አልኩት። ላከ። አንድ ደቂቃ ከ20። ሰማሁት። ከዚያ ቁጭ አልኩ። ይሄ ልጅ ዓመቱን ሙሉ ሦስተኛ ረድፍ ላይ ተቀምጦ ከ47 ልጆች ጋር አብሮ ሲያነብ፣ እኔም ያነባል ብዬ ስፈርምለት፣ ለካ ማንበብ አይችልም ነበር። የጎረቤቱን ከንፈር እየተከተለ ነበር። "ተከተሉኝ" ያልኩት እኔ አይደለሁ? እሱም ተከተለኝ። ያ ደስ የሚለው የኅብረት ጩኸት የሚደብቀው ልጅ እንዳለ የገባኝ በስልክ ነው።

ከዚያ ወዲህ ለሁሉም ነው የማደርገው። ሰኞ እኔ በድምፅ አነባለሁ፣ እስከ ረቡዕ ማታ እያንዳንዱ ልጅ በፈለገበት ሰዓት አንብቦ ይልካል፣ እኔ ለእያንዳንዱ በድምፅ እመልሳለሁ። መብራት ቢጠፋ ሲመጣ ይልካል። ኔትወርክ ባይኖር ቀድቶ ያስቀምጠዋል፣ ሲገኝ ራሱ ይሄዳል። የአንድ ደቂቃ ድምፅ አንድ ሜጋ እንኳን አይሞላም፣ የወተት ሒሳብ አይነካም። ልጁ ሲሳሳት ሰርዞ እንደገና ይቀዳል፣ አንዷ ልጅ አንዱን አንቀጽ ዘጠኝ ጊዜ እንደቀዳችው እናቷ ነግራኛለች፣ በክፍል ውስጥ ማን ዘጠኝ ጊዜ ያስነብባታል? "ጠራ" እና "ተራ"ም በዚህ ከዙም በተሻለ ጥርት ብለው ይሰማሉ። በዙም አንድ ቃል የማይወጣት የጀርመኗ ልጅ በድምፅ መልእክት ተረት ታወራልኛለች።

ዋጋው ግን አለ፣ የሚከፍለውም አስተማሪው ነው። 22 ልጅ፣ ሰምቶ ለመመለስ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ ብትሉ እንኳን 44 ደቂቃ ነው፣ አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ማለት ነው። አፍጥኖ መስማት ይቻላል ይላሉ። ለፊደል ጀማሪ አፍጥኖ መስማት አይሆንም፣ ሞክሬዋለሁ፣ ሁሉም ጎበዝ ይመስላል። ይሄንን ሰዓት ደግሞ ማንም አይቆጥርላችሁም። ስሙን የማልጠራው አንድ አስጠኚ ድርጅት ጋ ስሠራ የሚከፈለኝ ፊቴ ስክሪን ላይ በታየበት ደቂቃ ብቻ ነበር። የድምፁን ሳነሳ "እሱማ በቴሌግራም የሚደረግ ጨዋታ ነው" አሉኝ። ወጣሁ። አሁን ከወላጆች ጋር ስስማማ ከመጀመሪያው እናገራለሁ፦ በሳምንት አንድ ቀን ዙም፣ ሁለት ቀን ድምፅ፣ ሒሳቡ ለሦስቱም ነው። አንዲት እናት ብቻ ናት የተከራከረችኝ። አንድ ረቡዕ ማታ የላኩላትን የልጇን ድምፅና የእኔን መልስ አብራ ስትሰማ ተወችው።

ነጥብ ስጡ ካላችሁኝ፣ ዙም ከአሥር ስድስት፣ ስድስቱም ልጆቹ እርስ በርስ ስለሚተያዩበት ነው፣ የዱባይና የቨርጂኒያ ልጆች አሻንጉሊት እያሳዩ የሚያወሩትን ስለማይ ከዚያ በታች መስጠት አልቻልኩም። ጎግል ክላስሩም ለትልልቅ ክፍል ይሁን፣ እኔ ነጥብ ባልሰጠው ይሻላል። የብዕሯ ሰሌዳ ሦስት፣ የሚገዛኝ ካለ ደግሞ አራት። ቴሌግራም በጠቅላላው ሰባት፣ የድምፅ መልእክቱ ለብቻው ዘጠኝ። አንዷ ነጥብ የተቀነሰችው ለእኔ ዓይን ሥር ላለው ጥቁረት ነው።

ዛሬ ረቡዕ ነው፣ 14 ያልተሰማ ድምፅ ሰማያዊ ነጥቡ እንዳለ ተሰልፎ ይጠብቀኛል፣ መብራት ሄዷል፣ ፓወር ባንኬ ላይ የቀረችው አንዲት መብራት ናት። ከማታው 3 ሰዓት የሚልኩት ደግሞ ገና አልገቡም።